ጓደኛው የሚያዞረው ሞተር

ትናንት ዲላ ገበያ አጠገብ መብራት ጠፍቶ አንድ ባለሱቅ ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ፣ የናፍጣው ሽታ ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ለከተማው መብራት የሚሰጡትን ሁለት ጄኔሬተሮች ይጠብቅ ነበር። ምሳውን ይዤለት ስገባ ሁለቱም እያጓሩ ነበር። ወዲያው የአንደኛው ድምፅ ሳሳ፣ ጭሱም ቆመ፤ መዞሩን ግን አልተወም። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ።

“ሞቷል እኮ! ጓደኛው ነው በመስመሩ ኃይል እየላከ የሚያዞረው፤ ሊሰባብረው ነው!” ብሎ ሮጠና ሞተሩን ከመስመሩ የሚለየውን እጀታ በሁለት እጁ ጎትቶ አወረደው።

የሞተ ነገር እንዴት ይዞራል? ፈርቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ሞተሩ ቀስ እያለ ቆመ።

አባቴ ግን አልተረጋጋም። ግድግዳው ላይ ያለች አንዲት ባለመስታወት ትንሽ ሣጥን ከፍቶ፣ የታጠፈ የሲጋራ ወረቀት ከውስጧ አወጣ።

“አንዱ ሞተር ሲከዳ ራሷ ከመስመሩ የምትለየው ይህቺ ነበረች” አለኝ። “ያለ ምክንያት መብራት እየቆረጠች አለቃዬ ሲቆጣኝ ጊዜ እንዳትሠራ እኔው በወረቀት ወተፍኳት። ለማንም እንዳትናገሪ የኔ ልጅ፤ ያባርሩኛል።”

አለቃው እያለከለከ ገባ። “ሣጥኗ ናት የቆረጠችው?”

“አዎ ጌታዬ” አለ አባቴ፣ ወረቀቱን በመዳፉ ጨብጦ።

አለቃው ወደ እኔ ዞረ። “አንቺስ ምን አየሽ?”

“ምንም።”

ከዚያች ቀን ወዲህ አባቴ ምሳ እንዳመጣለት አልፈቀደም። ካረፈ ብዙ ዓመቱ ነው። ስለዋሸሁለት አፍሮብኝ ይሁን፣ ስላስዋሸኝ በራሱ አፍሮ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም።