ያለ አውሮፕላን ማስመስከር

በጠላት ዘመን በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ የጣሊያን አውሮፕላን ከቡሬ በስተደቡብ ተሸሽገንበት በነበረው መንደር ላይ ሁለት ቦምብ ጣለ። የበረራ መምህሬ ሞቱ።

ከወረራው በፊት አዲስ አበባ አብራሪነት ተምሬ ነበር። ለማስተማር ግን የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለእሱ ስዘጋጅ ጦርነቱ መጣ። አርበኞችን ተከትለን ጎጃም ስንገባ መምህሬ ጭናቸው ላይ ቆስለው ነበር፤ ቁስሉም አልሽር ብሎ አልጋ ላይ ጣላቸው። ማስተማር መቻሌን ሊመሰክር የሚችል ሰው ከእሳቸው በቀር በሕይወት መኖሩን አላውቅም ነበር።

አውሮፕላን አልነበረንም። የምናየው የጠላትን ነው፣ እሱንም ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝተን። ቢሆንም እንዲፈትኑኝ ለመንኋቸው።

«በዚህ አገር የቅኔ ተማሪ ወንበር ተክሎ የሚያስተምረው በመምህሩ ፊት አስመስክሮ ነው» አሉኝ። «አንተም ተማሪ ፈልግና በፊቴ አስተምር። እኔ የተማሪህን እጅ አያለሁ።»

ተማሪ ያደረግሁት የሽንዲ ተወላጅ የሆነ ፈረሰኛ አርበኛ ነው። በልጅነቱ ዳዊት ስለደገመ አንድ ጊዜ የነገሩትን በቃሉ ይይዛል። በርጩማ ላይ አስቀምጬ በጉልበቶቹ መካከል ዱላ አቆምሁለት። ሲገፋው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ዝቅ እንደሚል፣ ሲስበው ቀና እንደሚል አስረዳሁት።

«ጌታው፣ ሣር የማይግጥ፣ ጅራፍ የማይፈራ፣ ይህ ምን ዓይነት ከብት ነው?» ይለኛል።

«ሞተሩ ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ?»

«አፍንጫውን ዝቅ። ወደ ኋላ መዞር የለም። ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ መያዝ።» እንደ ውዳሴ ማርያም ያወርደዋል።

በፈተናው ቀን ሁሉንም ሳይሳሳት ተወጣው። መምህሬ መደቡ ላይ ተጋድመው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲያበቃ በድንገት «ሞተር ጠፋ!» ብለው ጮኹ። ፈረሰኛው ዱላውን በሁለት እጁ ወደ ደረቱ ሳበ። ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ሲደነግጥ ልጓም ይስባል፤ ፈረሱም ይቆማል። አውሮፕላን ግን አፍንጫው ቀና ሲል ፍጥነቱን ያጣና ይወድቃል።

«ገደልኸን» አሉት መምህሬ። «አፍህ በሯል፤ እጅህ ገና ፈረስ ላይ ነው።»

«እንግዲያ ፈረሱን ልሽጠው?»

አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩና «ይህን እጅ ሳታቀና መምህር አልልህም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሲበላም ሲያወጋም ሳይታሰብ «ሞተር ጠፋ!» እያልሁ እጮህበት ጀመር። ይስባል። አንዳንድ ቀን ይገፋል፤ ደስ ሳይለኝ በማግስቱ ይስባል። የመምህሬ ቁስል መሽተት ጀመረ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንለው ከተማ መድኃኒት ፍለጋ የላክነው ሰው አልተመለሰም። ሁለተኛው ፈተና ለጥር ማርያም ተቀጠረ። ከዚያ እንደማይዘልቁ እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር።

የዚያን ዕለት ጧት ዱላው ተሰንጥቆ ሌላ ልቆርጥ ወንዝ ወርጄ ነበር። ቦምቡን ከዚያ ሰማሁ። ስደርስ መምህሬ በነጠላ ተሸፍነዋል፤ ፈረሰኛው ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«መስክረውልዎታል ጌታው» አለኝ። «አጠገባቸው ነበርሁ። ‹ያስተምር› አሉና አረፉ።»

ከቀብር መልስ፣ ቤታቸው ያስጠጉንንና መምህሬን ያስታምሙ የነበሩትን አሮጊት ምን እንደሰሙ ጠየቅኋቸው።

«ልዋሽህ ልጄ? ውኃ ነው ያሉ። ቅሉን ይዤ ስመለስ አልፈዋል። ሌላ ቃል አልሰማሁም።»

ሁለት የመንደሩን ሰዎችም ለየብቻ ጠየቅኋቸው። ቦምቡ ሲወድቅ ፈረሰኛው ፈረሱን ሊደብቅ ገደል ወርዶ እንደነበር፣ የተመለሰውም አስከሬኑ ከተሸፈነ በኋላ እንደሆነ ሁለቱም ነገሩኝ።