ሻይ ያጠቆረው ውሃ

የታሰርኩት በአንድ ከረጢት ድንጋይ ምክንያት ነው። ከጣርማ በር በታች ካለው ገደል ለቅሜ፣ እንደ ቅንጬ አስፈጭቼ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ፍተሻው ላይ ከረጢቱን ፈቱት።

«ይሄ ለፈንጂ ነው?» አለኝ ፈታሹ።

የላቦራቶሪ ሠራተኛ መሆኔን፣ ድንጋዩም ውሃ ማጣሪያ እንደሆነ አስረዳሁት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ለካ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ስሜ ቀድሞ ተይዞ ኖሯል። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል።

ያስገቡኝ ማሾ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ግድግዳው ከቀትር በኋላ አያስደግፍም። አሥራ አራት ነበርን። አጠገቤ የሚተኙት የይፋት ቆላ ሰው፣ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው «ወላሂ፣ እነሱም አልነገሩኝ፣ እኔም መጠየቁ ሰልችቶኛል» አሉኝ። ውሃ የመቅዳቱ ሥራ የሳቸው ነበር፤ ለእኛም ለጠባቂዎቹ ወጥ ቤትም ይቀዳሉ።

አንድ ጠዋት ቧንቧው ስለተቋረጠ ከግቢው ጀርባ ካለው አዲስ ጉድጓድ እንዲቀዱ ታዘዙ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። የጠባቂዎቹ ሻይ በዚያ ውሃ ሲፈላ ግን እንደ ቀለም ጠቆረ። ወዲያው መጥተው ጋሼን ከመካከላችን አስነሷቸው።

«መርዝ ጨምረሃል!» ይሏቸው ነበር በሰው ሁሉ ፊት።

ከዚያ ከጎናችን ካለው ክፍል የሰማሁትን አልጽፈውም።

ሻይን እንደዚያ የሚያጠቁረው ብረት ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ብረት በዓይን አይታይም፤ ሻይ ሲነካው ግን ይጠቁራል። ይህን ለማወቅ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። ፈርቼ ነበር፤ ካልተሳካልኝ ሁለተኛው መራዥ እኔ እሆናለሁ። በሩን ደበደብኩ።

የጠባቂዎቹ ኃላፊ ፊት አቀረቡኝ።

«አለቃ፣ ከረጢቴን ያሰጡኝ። በዚያው ውሃ፣ በዚያው ሻይ ቅጠል ይፈላ። ሻዩ ካልቀላ የፈለጉትን ያድርጉኝ» አልኩ።

«ድንጋይህ አስማት ነው እንዴ?»

«ወንፊት ነው። ቀዳዳው ከማነሱ የተነሳ በዓይን አይታይም። ብረቱን ይይዝና በምትኩ ትንሽ ጨው ይለቃል።»

ሳቀብኝ። ግን ከዚያ ሻይ እሱም ሊጠጣ ነበርና ነገሩ ከንክኖታል። ኤግዚቢት ተብሎ የተቀመጠው ከረጢቴ መጣ።

የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ፣ ክዳኑን በስቼ፣ ጨርቅ አንጥፌ ድንጋዩን ሞላሁበት። መጀመሪያ የወረደው ውሃ ድፍርስ ነበር። በችኮላ ድንጋዩን ሳላጥበው ቀርቻለሁ! የድንጋዩ አቧራ እስኪያልቅ ደጋግሜ ውሃ አፈሰስኩበት። በመጨረሻ ጠርቶ ይንጠባጠብ ጀመር።

አንድ ጠባቂ በሁለት ጣሳ ሻይ አፈላ፤ አንዱን እንደተቀዳ፣ ሌላውን እኔ ባጣራሁት ውሃ። የመጀመሪያው ጠቆረ። የእኔው ቀልቶ የሻይ ቤት ሻይ መሰለ። ጠባቂዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ ብለው አዩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እፎይ ብዬ አላውቅም።

ጋሼን አመጧቸው። አንድ ዓይናቸው አብጧል።

«በሉ ጋሼ፣ ጥፋት የለብዎትም፤ ይግቡ» አላቸው ኃላፊው። አንቱታው ገና አሁን መምጣቱ ነው።

አልተንቀሳቀሱም። «መራዥ ስባል ሰው ሁሉ ሰምቷል። አለመሆኔንም ይስማ። እኔ ልጆች አሉኝ» አሉ።

ኃላፊው ትንሽ አሰበና የመጋዘኑን በር አስከፈተ። ሰዎቹ ወጥተው ቆሙ።

«እኚህ ሰው ውሃውን አልመረዙም» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም፤ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት» አሉ ጋሼ።

ከፍ አድርጎ ደገመው።

«አልሃምዱሊላህ» አሉና ቀስ ብለው ገቡ።

ሁለታችንም ክስ ሳይመሠረትብን ተፈታን። ዛሬም ያንኑ ድንጋይ እየፈጨሁ የገጠር ጉድጓዶችን ውሃ አጣራለሁ። ስለ እስሬ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሽማግሌውን አዳንካቸው ይሉኛል፤ ለረጅም ጊዜ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሻዩን ያቀላሁት እኔ ነኝ። ስማቸውን ግን ራሳቸው ናቸው ያስመለሱት። እኔ ብሆን ግባ ስባል አመስግኜ እገባ ነበር።