ቆይ በዪው

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ አልማዝ የልጇን የሠርግ አዳራሽ አብረሽኝ እዪልኝ ብላ አንድ የሶዶ ሆቴል ወሰደችኝና፣ ሥራ አስኪያጁን ስንጠብቅ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። የዓለምን እንስሳትና ሕዝቦች ከነባህላቸው በፎቶ የሚያሳይ፣ አንዱ እንግዳ ረስቶት የሄደ የሚመስል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። በረዶ ላይ የተኛ ድብ፣ ፊቱን ቀይ የተቀባ ሽማግሌ እያልኩ ስገልጥ፣ በግራ ገጽ አንድ የኦሞ ጉማሬ አፉን ከፍቶ፣ በቀኝ ገጽ ደግሞ አክስቴ ባልጣቴ፣ የአልማዝ እናት፣ ከሞተች አሥራ ስምንት ዓመት የሆናት አክስቴ ቁጭ ብላለች! ገጹን በመዳፌ ሸፈንኩት። የእንሰቱ ሽታ ከወረቀቱ የወጣ ይመስል አፍንጫዬን ሞላው።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ክረምቱን የማሳልፈው አረካ አጠገብ ባለው በአክስቴ ቤት ሲሆን፣ ከሠፈሩ ልጆች እንግሊዝኛ የምችለው፣ መቻል ከተባለ፣ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ለዶሮዎቹ ሳይቀር “ጉድ ሞርኒንግ” የምል ጉረኛ ነበርኩ። አክስቴ ደግሞ ጽዱና ኩሩ ሴት ነበረች። ሸማኔ የነበረው ባሏ ሳይሞት ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የሠራላትን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለውን ዱንጉዛ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ በዓመት አንዴ ነበር የምትለብሰው። እስከዚያን ጊዜ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ፎቶ ቤት እንሂድ ስትባል “ለጊፋታ፣ ዱንጉዛዬን ለብሼ” ትላለች፤ ጊፋታ ሲደርስ የቤቱ ሥራ የት ያስወጣታል!

እንሰት ሲፋቅ አይቶ ለማያውቅ ልንገረው፤ ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ወደ ላይ ትሰቅልና ልጡን በተረከዟ ጣውላው ላይ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትሞዥቀዋለች። ጭማቂው ልብስ ስለሚያበላሽ የምትለብሰው ያለቀለትን ቀሚስ ነው፤ እሱም እስከ ጭኗ ይሰበሰባል። ለዚህም ይመስለኛል እኛ ዘንድ ወንድ ወደዚያ ዝር የማይለው፤ አባወራው እንኳ የሚጣራው ከሩቅ ሆኖ ነው።

አንድ ጠዋት፣ አልማዝ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ ኦሞ ወንዝ ወርዶ ጉማሬ ፎቶ ሲያነሳ የሰነበተ ፈረንጅ ካሜራውን አንጠልጥሎ አክስቴ ከምትፍቅበት ጓሮ ሰተት ብሎ ገባ። መርቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይዞት የመጣው ሾፌር ወላይትኛ አያውቅም፤ የሠፈሩ ልጆች አጥሩን ከበው እያዩኝ አስተርጓሚ ሆኛለሁ፣ ማን ይቻለኝ! ላንሳት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አክስቴ ቀሚሷን ወደ ታች እየጎተተች “ውይ በሞትኩት! ቆይ በዪው፣ ልልበስ” አለች። “ቆይ” የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ጠፋብኝ። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት አላውቅም ከማለት ሞት ይሻለኝ ነበርና “ኦኬ” አልኩት።

ከመሬት ሳትነሳ ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ። እሷ እየሞከረ መስሏት እየሳቀች ተነስታ ገባች። እጅና እግሯን ታጥባ፣ ፀጉሯን ቅቤ ቀብታ፣ ዱንጉዛዋን ደርባ ስትወጣ መኪናው ጭቃውን እየረጨ ሄዷል። እኔ ፈረንጁ የሰጠኝን እስክሪብቶ ይዤ ቆሜያለሁ። የት ሄደ ስትለኝ “ፊልሙ አልቆበት ነው፤ ይመለሳል” አልኳት።

አመነችኝ። ዱንጉዛው ከዚያ ወዲያ ሳጥን አልገባም፤ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቀለ። መኪና በተሰማ ቁጥር እጇን ታለቀልቅና ብቅ ትላለች፤ እኔ እያየሁ ዝም አልኩ። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፣ አደግሁ፣ ይግረማችሁና የእንግሊዝኛ መምህርት ሆንኩ። ስትሞት ከመታወቂያዋ ደብዛዛ ጉርድ ፎቶ በቀር ለቅሶው ላይ የሚያዝ ጠፋ፤ ስለዚህ ዱንጉዛውን ይዘን አለቀስን። ከያዙት መካከል አንዷ እኔ ነበርኩ።

አልማዝ መዳፌን ከመጽሐፉ ላይ አነሳችው። “እማዬ!” ብላ ስትጮህ ሆቴሉ ሁሉ ዞሮ አየን። እያለቀሰች፣ ደግሞም እየሳቀች በስልኳ አነሳቻትና ከሥር ያለውን ጽሑፍ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ለጉማሬው ከነሳይንሳዊው ሁለት ስም ሰጥተውታል። በአክስቴ ሥር ያለው ግን “እንሰት የምትፍቅ ድሃ ሴት፣ ኢትዮጵያ” ይላል። “ወይዘሮ ባልጣቴ፣ የወላይታ እመቤት” ብዬ አነበብኩላት። ፊቷ ወገግ አለ። ይኸው እንደገና ዋሸሁ፣ ያውም በእንጀራዬ።

ትንሽ ቆይታ ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠግታ “ግን ምነው በዚህ ልብስ?” አለች። “ዱንጉዛዋን ያን ሁሉ ዓመት በር ላይ ሰቅላ፣ ለራሷ ፎቶ ሳትለብሰው?”

 

“ቆይ በዪው፣ ልልበስ ብላኝ ነበር” አልኳት። “አላልኩትም። ይመለሳል ብዬም ዋሸኋት።”

 አልማዝ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አዳራሹን ላሳያችሁ ሲለንም፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ብቻዋን ተከተለችው።