የጃፓኖቹ ሾርባና የእኔ ብስኩት

ነጻ ነገር አላምንም። እዚህ አሜሪካ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስንቱን አጭበርባሪ አይቻለሁ። እማዬ ከሥራ ቦታዋ ሁለት የነጻ ቲኬት ይዛ መጥታ፣ «የጃፓን ገጠር ባህል፣ ታሪክና ምግብ፤ ሙሉ ቀን ከነአስጎብኚው» ስትለኝ፣ መጨረሻ ላይ ሳይን አድርጉ የሚሉት ወረቀት አይጠፋም ብዬ ለጥበቃ ተከተልኳት።

አስጎብኚዋ ፀጉራቸው የሸበተ ጃፓናዊት ናቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እስክንደርስ አውቶቡስ ውስጥ ስለ ተራራማው አገራቸው መነኮሳት አወሩልን። እዚያ አንድ የባህል አዳራሽ ገብተን ብዙ ካየን በኋላ ምግብ ቀረበ። ሁዳዴ ስለሆነ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሰችም።

«የመነኮሳቱ ምግብ ነው፤ ሥጋም፣ ዓሣም፣ ወተትም የለበትም» አሉ ሴትዮዋ። ፈገግታቸው አላማረኝም።

«እማዬ፣ እንዳትነኪው! ሾርባው ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

«ኧረ ተው፣ ሴትዮዋን አታሳፍራቸው!»

«ቼክ ላድርግ። እስከዚያ ይቺን ብስኩት ብዪ። የጾም ናት፣ ጠዋት ጋዝ ስቴሽን ነው የገዛኋት።»

ኩሽና ገብቼ ድስት ከፈትኩ፣ ጠርሙስ አሸተትኩ፣ አብሳዩን አፋጠጥኩት። ሾርባው እንጉዳይና የባሕር አረም ብቻ ነው። ስመለስ እማዬ ብስኩቱን ጨርሳለች።

አፍሬ አስጎብኚዋን ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ግድ የለም ልጄ፣ ጾም ሲሆን ማጣራት ጥሩ ነው» ብለው ባዶውን የብስኩት ላስቲክ አነሡና መነጽራቸውን አድርገው ጀርባውን አነበቡ። ከዚያ ወደ እኛ አዙረው አንድ ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ወተት።

እማዬ ስልኳን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«በል፣ ለንስሐ አባቴ አንተው ራስህ ደውልላቸው።»