ቴፑ የተማረው አቋቋም

ቀጭን የላስቲክ ክር በነፋስ ሲንሿሿ በሰማሁ ቁጥር፣ ዛሬም በስተርጅና ደሜ ይፈላል።

አባቴ በቢቸና የአቋቋም መምህር ነበሩ። ማሕሌቱን ከመቋሚያውና ከጸናጽሉ ጋር አስማምተው፣ ከመምህራቸው በቃል እንደተቀበሉት ለእኔም በቃል ያቀብሉኝ ነበር። በክረምት፣ ዝናቡ የጎጆውን ክዳን ሲደበድብ፣ አንዷን ቃል አርባ ጊዜ አስደግመውኝ፣ አሁንም ስሳሳት መቋሚያቸውን መሬት ላይ መትተው «እንደገና!» ይሉኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አንድ የትምህርት ሹም ቴፕ አሸክሞ መጣ።

«መሪጌታ፣ ከእንግዲህ ልጆቹን ምን ያደክሟቸዋል? እርስዎ አንድ ጊዜ ያዚሙ፤ ሌላውን ይህ ያስተምራል። ከሃያ ዓመት በኋላ መምህር የሚባል አይኖርም።»

አባቴ ሣጥኑን ዞረው አዩትና፣ «ተማሪ ሲሳሳትስ ይቆጣል?» አሉት።

ሹሙ ከት ብሎ ሳቀ። አባቴ የዋህ ነበሩና ሦስት ቀን ሙሉ አዜሙለት። እኔ ግን ከሹሙ ይልቅ የምቆጣው በራሴ ነው፤ «ቴፑ ይዞታል» ብዬ፣ አባቴ ቢጠሩኝ ቢለምኑኝ አሻፈረኝ ብዬ፣ የጥምቀቱን ማሕሌት ከእኩሌታው አቋርጬ ቀረሁ።

በተከታዩ ክረምት አባቴ ዐረፉ።

ኅዳር ላይ፣ ቴፑ የተቀመጠበት የሹሙ መሥሪያ ቤት ሞጣ ነበርና፣ የቀረኝን ሰምቼ ለመያዝ በእግሬ ሄድሁ። ከከተማው ዳር ስደርስ በደረሰው ስንዴ ላይ ከካስማ ካስማ ቡናማ ክር ተወጥሮ ይንሿሿል። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ በኩራት ነገረኝ፦ «ማሽኑ ከተበላሸ ቆየ፣ ልጄ። የቴፑ ክር ከሚጣል ለወፍ ማባረሪያ ይሁን ብለን ለገበሬ አደልነው። ወፏ ድርሽ አላለችም እኮ!»

ከካስማ ካስማ እየዞርሁ የቻልሁትን ያህል ጠቀለልሁ፤ ፀሐይና ጤዛ ልጦት በእጄ ላይ ይበጣጠስ ነበር። የአባቴ ድምፅ ነበር።

በቅርቡ አንድ ወጣት ስልኩን ደቅኖ፣ «የኔታ፣ የጥምቀቱን ያዚሙልኝ፤ የኢንተርኔት ደመና ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ለዘላለም አይጠፋም» አለኝ። የሹሙን ቃል በአዲስ ልብስ ሳየው ቁጣዬ ገነፈለ። «ዘላለም የእግዚአብሔር ነው እንጂ የስልክ አይደለም!» ብዬ ጮኽሁበት። ልጁ ደነገጠ፤ አሳዘነኝና አዜምሁለት።

ያን ጊዜ ሣጥኑ ደካማ፣ የሚያዜመው ሰው ግን ምሉዕ ነበር። የዛሬው ስልክ ትንፋሼን ሳይቀር ይለቅማል። ያኔ ያቋረጥሁበት እኩሌታ ላይ ስደርስ ዜማው አለቀብኝ።

«ይቀጥሉ፣ የኔታ» አለኝ ልጁ በትሕትና፤ «እየቀዳ ነው።»