እማዬ ግድቡ ውስጥ የገባችበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሠፈር መሐል ጎርፍ ውስጥ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሲገፋ ቤንዚን ከቡናማው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ሸተተኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አፍንጫውን ያዘ። እኔን ግን ያ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ፤ በሞተር ጀልባ ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ፣ እማዬን ልናወጣ ስንሄድ። ያን ቀን የሆነውን ለሰው አውርቼ አላውቅም። ለምን ብትለኝ፣ የሆነው ነገር ለራሴም በቅጡ ስላልገባኝ ነው።

ግድቡ ከላንቴ መንደር አለፍ ብሎ፣ ወደ ምዕራብ ዓባያ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው ያለው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ የሙዝ ማሳውን እንዳይጠርግ ተብሎ ነው የተሠራው። በጥር ሄደህ ብታየው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ የአካባቢው ጎረምሶች የእንጨት ጎል ተክለው ኳስ ይጫወቱበታል። የበልግ ዝናብ ሲወርድ ያው ሜዳ ሐይቅ ይሆናል። ለመዝናኛ ተብሎ ዳርቻው ላይ የሣር ክዳን ዳሶች፣ የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ዥዋዥዌና ሁልጊዜ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት ተሠርቶ ነበር። ውሃው ግን እንዳቀዱለት አይመጣም። አንዳንድ ዓመት ከዳሶቹ ርቆ ይቀራል፤ አንዳንድ ዓመት ወንበሮቹን ውጦ ዥዋዥዌው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ልጅ ሆኜ ሐይቅ ነው ወይስ ሜዳ እያልኩ አባዬን እጠይቀው ነበር። «እንደ ወሩ ነው» ይለኛል።

አባዬ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። እሱም እማዬም ከጣና ዳር ነው የመጡት። እኔና ታናሽ ወንድሜ ግን የተወለድነው እዚሁ አርባ ምንጭ ነው። አባዬ ወደ አገሩ ዝውውር መጠየቅ የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። እማዬም ይህን አገር ስታማርር ነው ያደግነው፤ ሙቀቱ፣ ወባው፣ ማለዳ ጣሪያው ላይ የሚሯሯጡት ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ። ስታማርር አባዬ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፦ እማዬ መሄድ ትፈልጋለች።

ያን እሑድ ግድቡ ሞልቶ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች ማዶ ዳስ ውስጥ ሙዚቃ ከፍተው ይጨፍራሉ። እኛ የተጠበሰ አሳ በተፈጨ ቃሪያ ዳጣ አዝዘን፣ እግራችንን ውሃው አፍ ላይ ዘርግተን እንበላለን። ብርሃኑ ከውሃው ላይ እየነጠረ የሣር ክዳኑን ከውስጥ ያበራው ነበር። የአሳው ቅባት፣ የበሰበሰ ማንጎና የእርጥብ ሣር ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር። በልተን ስንጨርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዝውውሩ ተፈቅዷል» አለ እማዬን እያየ። «ክረምት ላይ እንሄዳለን። እናትሽ ሠፈር አካባቢ ቤት እንከራያለን።»

«ተፈቀደ?» አለች እማዬ።

«ተፈቀደ።»

እልል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ወንድሜ ቀድሞ ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር። እማዬ እጇን በሶፍት ጠረገች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን አጥፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ወደ ውሃው ወረደች። እጇን ልትታጠብ መስሎን ነበር። «መዋኘት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ አለፈችው። ውሃው ጉልበቷ ላይ ደረሰ፣ ወገቧ ላይ ደረሰ፤ ቀሚሷ በዙሪያዋ እንደ ጃንጥላ ተነፋ።

«ምን ሆነሻል? ተመለሺ እንጂ» አለ አባዬ።

ዞር አላለችም። እጆቿን ዘርግታ ውሃው ላይ ተኛችና መዋኘት ጀመረች። እናቴ ዋና እንደምትችል አላውቅም ነበር። አባዬም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ባለበት ደርቆ ቀረ። ከዓባያ ሐይቅ አዞ መጥቶ ግድቡ ውስጥ ገብቷል የሚል ወሬ ስለነበር ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ። ማዶ ሙዚቃው ጠፋ፤ ተማሪዎቹ ቆመው ያዩን ጀመር።

ሰው የሚያንሸራሽረው ጀልባ ነጂ ሞተሩን አስነስቶ መጣልን። የላንቴ ሰው ነው። አፉን የፈታው በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም ነበር። «መምህር፣ አይፍሩ። ሴትየዋ ውሃ ያውቃል» አለ። ወንድሜን አሳ ለጠበሰችልን ሴት ሰጥተን እኔና አባዬ ተሳፈርን። ያኔ ነው ያ የቤንዚን ሽታ።

እማዬን ያገኘናት ጎሉ ጋ ነው። ጎረምሶቹ በበጋ የተከሉት ጎል ውሃው እስከ አናቱ ውጦት፣ አግዳሚ እንጨቱ ብቻ ብቅ ብሎ ነበር። እሱን በሁለት እጇ ይዛ ታለከልካለች። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ በኋላ ውሃው የጀልባውን ጎን ቸብ ቸብ ሲያደርግ ብቻ ነበር የሚሰማው። ፊቷ እርጥብ ስለሆነ ታልቅስ ትሳቅ መለየት አልቻልኩም። ዛሬም ያን ፊት ሳስታውሰው አንዱን ቀን ለቅሶ፣ አንዱን ቀን ሳቅ ይሆንብኛል።

«ነይ ውጪ» አለ አባዬ እጁን ዘርግቶ።

«ትንሽ ልቆይ።»

«አዞ ቢኖርስ?»

«ቢኖር እስካሁን ይመጣ ነበር።»

አባዬ እጁን አላጠፈም። «ደስ አላለሽም እንዴ? ስንት ዓመት የለመንሽው አይደለም?» አለ። የተቆጣ ድምፅ አልነበረም። መልሱን በእውነት የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነበር።

እማዬ አንድ እጇን ከእንጨቱ ለቅቃ ውሃውን ዳሰሰችው። «ውሃው ይሞቃል» አለች። «የኛ አገር ውሃ እንዲህ አይሞቅም።»

አባዬ እንድተረጉምለት የፈለገ ይመስል ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን አውቄ።

«ይተዉት» አለ ጀልባ ነጂው ቀስ ብሎ። «ሲደክመው ራሱ ይመጣል።»

እንዳለውም ሆነ። ጀልባው ላይ አልወጣም ብላ፣ እየዋኘች ተመለሰች። እኛ ከጎኗ ቀስ እያልን አጀብናት። ዳር ስትደርስ አሳ ጠባሿ ቡሉኮ ይዛ ጠበቀቻትና ጠቅልላ አቀፈቻት፤ በጋሞኛ አንድ ነገር አለቻት። እማዬም በጋሞኛ መለሰችላት። ሁለቱም ሳቁ። እናቴ ያን ቋንቋ እንደምትናገርም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አባዬ አጠገባቸው ቆሞ፣ የሚሉት ሳይገባው፣ ፈገግ ለማለት ይሞክር ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ሲያነሱ አልሰማሁም። ክረምት ሲገባ አባዬ «ቀድሜ ሄጄ ቤት ላዘጋጅ» አለ። እማዬ ሸሚዞቹን ተኩሳ አጣጠፈችለት። «ልጆቹ የመጪውን ዓመት እዚሁ ይማሩ» ተባለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው ተባለ፤ ከዚያ ማለቱም ቀረ። አባዬ ለበዓል ማር ይዞ ይመጣል፣ ይሰነብታል፣ ይሄዳል። ሲጣሉ አላየንም። ፍቺ የሚባል ነገርም አልነበረም። ወንድሜ እስከ ዛሬ «ሥራ ነው የለያቸው» ይላል። እኔ ያ እሑድ ይመስለኛል፤ ግን ይሄ ነው ብዬ መናገር አልችልም።

ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ያኔ ለምን ገባሽ?»

ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። «እኔ እንጃ» አለች። «አባትሽ እንሄዳለን ሲል ደስ እስኪለኝ ጠበቅሁ። ደስታው አልመጣም። እግሬ ዝም ብሎ ወሰደኝ።» ሌላ ቅጠል አንስታ ደግሞ «ላስደነግጠው ብዬ አይደለም» አለች፣ እኔ ከሰስኳት ይመስል።

አሁን አባዬ ጡረታ ወጥቶ እዚያው አገሩ ነው የሚኖረው፤ ጉልበቱን ስለሚያመው መንገድ አይችልም። ትናንት ከምሳ በኋላ ደወለ። የኔን ሰላምታ ተቀብሎ «እናትሽን አገናኚኝ» አለኝ። ስልኩን ሰጥቻት ወደ ጓዳ ገባሁ። እሱ ብዙ አወራ መሰለኝ፤ እሷ «እህ... እህ...» ብቻ ትላለች። ከዚያ፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሳህኑን የገፋ ይመስል፣ «በላህ?» ስትለው ሰማሁ።

መልሱን አልሰማሁም። ስመለስ ስልኩ ተዘግቷል፤ እማዬ ግን ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ነበር። ልቀበላት እጄን ዘረጋሁና፣ ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ፣ መልሼ አጠፍኩት።