የወንድሜ ካሳ

ዛሬ ስቅለት ነው። ቄሱ ጀርባዬን በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ ሲያደርጉኝ ሽታው ወደ ልጅነት አገሬ ወደ እስቴ፣ ወደ ንጉሡ ዘመን መለሰኝ።

የዚያን ዓመት ታላቅ ወንድሜ በእርሻ ድንበር ጠብ ተገድሎ ነበር። የስቅለት ስግደት ሊያበቃ ሲል ገዳዩ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ መጣና ከእናቴ እግር ሥር ተንበረከከ። እናቴ ቀና ብላ አላየችውም።

የነፍስ አባታችን ወይራውን እንደያዙ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አዳም ሞት ተፈርዶበት ነበር። እግዜር ፍርዱን አላጠፈም፤ በአዳምም አልጨከነም። አንድ ልጁን ልኮ ካሳውን ራሱ ካሰ። ስትሰግጂ የዋልሽው ለዚህ አይደለም? በይ፣ ይቅር ለእግዜር በይውና ደሙ ይድረቅ።»

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አደረገች።

«እውነትዎን ነው አባቴ። ግን የእሱ ልጅ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶለታል። የኔሳ?»

ሰውየውን ድንጋዩን እንደተሸከመ ትተነው ወደ ቤታችን ሄድን።

ዛሬ ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ያ ድንጋይ ግን ከትከሻዬ አልወረደም።